መልስ፦ በድሬዳዋ ሙቀት የገና ጠላ መቼ ይጠንሰስ? በጉስ?

እህቴ፣ «ጠላው ለገና ሳይደርስ ይኮመጥጥብኛል» ላልሽው፣ በድሬ ሙቀት እንደ ደጋው ሰው ሁለት ሳምንት ቀድሞ መጠንሰስ አያስፈልግም፤ ታኅሣሥ 20 ይበቃል። ለ5 ኪሎ የማሽላ ዱቄት 1 ኪሎ ብቅል፣ 1 ኪሎ የተወቀጠ ጌሾ፣ ውሃው በጠቅላላ ከ20 እስከ 25 ሊትር። ጋኑን በግራዋ ደጋግመሽ እጠቢው፣ በወይራ እጠኚው። ጌሾውን ዘፍዝፊና በ22 ብቅሉን ጨምሪ። አረፋ ሲያነሳ ዱቄቱን በጥቂት ውሃ ለውሰሽ፣ ምጣድ ላይ አምሰሽ፣ እንኩሮውን አክዪበት። ብዙ ጠላ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፦ እንኩሮው በትኩሱ ከገባ እርሾውን ይገድለዋል። እጅሽን ስትከቺበት ሙቀት ሊሰማሽ አይገባም።

ድፍድፉ መገንፈሉን ትቶ ሲቀመጥ፣ በ27 ውሃውን ሞልተሽ አፉን ምረጊው። ከዚያ በኋላ እየከፈቱ መቅመስ የለም (ቀማሽ ደግሞ በበዓል ሰሞን አይጠፋም)፤ አየር ሲያገኝ ነው ወደ ኮምጣጤ የሚሄደው። ጋኑ ጥላ ውስጥ፣ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ይቀመጥ።

በጉን በዋዜማው ከሰዓት ጀምሮ መኖ ከልክሉት፣ ውሃ ግን ይጠጣ። ሆዱ ከሞላ ሲወጣ ቶሎ ይቀደድና ሥጋውን ያበላሻል። ከቅዳሴ መልስ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ይታረድ።