የቤቴ መስመር ኤሌክትሪክ መኪና ይችላል?

ጥያቄ፦ የቤንዚን መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ ለመግዛት አስቤያለሁ። ከቤት ሶኬት ቻርጅ ማድረግ ይቻላል? ክልከላውስ ለምን መጣ?

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን ቀስ ይላል። ሶኬት በ220 ቮልትና በ10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ይሰጣል፤ ባለ 44 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከባዶ ለመሙላት ከ20 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በቀን 40 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ግን 4 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል።

አደጋው ማራዘሚያው ላይ ነው። ቀጭን ሽቦ ለሰዓታት 10 አምፔር ሲሸከም ይግላል፤ ቀድሞ የሚቀልጠው መሰኪያው ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በእጅዎ ይንኩት፤ የሚያቃጥል ከሆነ ማብሪያውን አጥፍተው ይንቀሉት። ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር 32 አምፔር ስለሚስብ ከቆጣሪው ጀምሮ ለብቻው 6 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ፣ 40 አምፔር ብሬከርና በትክክል የተቀበረ ኧርዝ ይፈልጋል። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ግን አይሞክሩት፤ ምጣዱ ብቻውን 3 ኪሎዋት ያህል ስለሚወስድ የቤቱ ዋና ብሬከር ሊጥል ይችላል።

ክልከላው ይፋ የሆነው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ስለ አየር ንብረት ብዙ ቢወራም፣ በእኛ እይታ ዋናው ጉዳይ ዶላር ነው፦ ቤንዚኑ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ መብራቱ ግን ከ90 በመቶ በላይ ከወንዞቻችን ይመነጫል።