ከሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ወደ ፈንክ ባንድ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ከዚራ ነው ያደግሁት። ከሕፃንነቴ ጀምሮ በመዝሙር ክፍል አገለግላለሁ፣ ከበሮ እመታለሁ። አሁን ፈንክ የሚባለውን የአሜሪካ ጥቁሮች የጭፈራ ሙዚቃ የሚጫወቱ ልጆች ቤዝ ጊታር ያዝልን ብለውኛል። ሥራው ቅዳሜ ማታ፣ ሆቴል ውስጥ ነው። «የፈንክ ዘፋኙ ጄምስ ብራውንም ከቤተ ክርስቲያን ነው የወጣው» ይሉኛል። እሑድ እሑድ መዘመሬን ብቀጥል ነውር አለው?

መልስ፦ ልጄ፣ ጓደኞችህ አልዋሹህም። ጄምስ ብራውን በወጣትነቱ መንፈሳዊ መዝሙር ዘምሯል። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ አሬታ ፍራንክሊንም የሰባኪ ልጅ ናት፤ ድምፅዋን ያሟሸችው በአባቷ ቤተ ክርስቲያን ነው። ግን በእነሱ ዘንድ ፒያኖውም ጭብጨባውም አምልኮው ውስጥ ስለነበረ፣ ወደ መድረክ ሲወጡ ይዘውት ወጡ። አንተ የያዝከው ሌላ ነው። ያ የምትመታው ከበሮ ሰፊው አፉ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት፣ ማለትም ጌታ ሰው የመሆኑ፣ ምሳሌ ነው፤ የተጠላለፈው ጠፍር ጌታ ሲገረፍ በሰውነቱ ላይ የወጣው ሰንበር ነው። ይህን እያሰብክ ነው ወይስ ምቱን ብቻ እየቆጠርክ የምትመታው? እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ የመዝሙር ክፍል ልጆች ይህን ሳይማሩ ነው ከበሮ የሚያነሡት። ጥፋቱ የእኛ የመምህራኑ ነው።

ቤዝ ጊታር በራሱ ኃጢአት ነው አልልህም፤ እንጨትና ሽቦ ነው። ገላትያ 5፥21 ግን «ስካር፥ ዘፋኝነት» ብሎ ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። አንተ የምትጫወትበት ቤት ውስጥም ጎን ለጎን ናቸው። ለመቁረብ 18 ሰዓት ትጾማለህ። ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ላይ መድረክ ላይ ቆመህ፣ አንዱ ደስ ያለው ሰው ብርጭቆ ሲልክልህ ምን ልትለው ነው? ነግቶ ነጠላህን አጣፍተህ ማኅሌት ብትቆም እንኳ፣ ከሆቴል ያየህ ምእመን አጠገብህ ቆሞ ምን ያስባል?

እንጀራዬ ነው ካልከኝ እረዳሃለሁ፤ የሥራ ማጣትን ነገር ለድሬ ልጅ አልነግረውም። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝን ግን አልመክርህም። ባንዱን ከመረጥክ ለመዝሙር ክፍሉ ኃላፊ ራስህ ሄደህ ንገረው፣ ከበሮውን አስረክብ፤ ከሰው አፍ አይስማው። ቅዳሴውን ግን እንዳታቋርጥ፤ ከአገልግሎት መውረድ ከቤተ ክርስቲያን መውጣት አይደለም። ደግሞ ለባንዱ እሺ ከማለትህ በፊት የንስሐ አባትህን አማክራቸው፤ በስልክ ሳይሆን ፊታቸው ቀርበህ። የቤትህንም ችግር ሳትደብቅ ንገራቸው።