ወንዱ ድመቴ ሽንት እምቢ ብሎታል

ጥያቄ፦ ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ባለችው ሱቄ ለአይጥ ብዬ ያሳደግሁት የ4 ዓመት ወንድ ድመት አለኝ። ከትናንት ጀምሮ አመዱ ላይ እየተቀመጠ ደጋግሞ ያምጣል፤ የሚወጣው ደም የቀላቀለ ጠብታ ብቻ ነበር፣ ዛሬ እሱም ቀርቷል። እየጮኸ ብልቱን ይልሳል፣ ምግብም አልነካም። ጎረቤቶቼ ሆዱ ደርቆ ነውና ዘይት አጠጣው ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ለእርስዎ በዕለቱ በስልክ ወደ ሐኪም እንዲሮጡ ነግረንዎታል፤ ምክንያቱን እዚህ የምንጽፈው ተመሳሳይ ነገር የሚገጥማቸው ሌሎች አንባቢዎች እንዳይዘናጉ ነው። እያማጠ ሽንት የማይወጣው ወንድ ድመት የሽንት ቧንቧው እንደተዘጋ መቆጠር አለበት፤ ይህም ለነገ የሚቆይ ሕመም አይደለም።

የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ከሴቷ ይልቅ ረጅምና ወደ ብልቱ ጫፍ እየጠበበ የሚሄድ በመሆኑ፣ አሸዋ የሚያህል ጠጠር ወይም ከፊኛው የተላቀቀ ዝልግልግ ነገር ሊደፍነው ይችላል። በዚህ ጊዜ ፊኛው ይወጠራል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ከሽንት ጋር መወገድ የነበረበት ፖታሲየምም በደም ውስጥ ተከማችቶ የልብን ምት ያዛባል። ማስታወክና መልፈስፈስ ከተከተለ ሁኔታው ከፍቷል፤ ሙሉ በሙሉ የተዘጋበት ድመት ካልታከመ በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ጎረቤቶችዎ አስበውልዎት ነው፤ ደግሞም በዓይን ብቻ ለሚያይ ሰው የሆድ ድርቀትና የሽንት መዘጋት ይመሳሰላሉ። ድመቱ ተቀምጦ የተነሣበትን አመድ በእንጨት ገለጥ አድርጎ ማየት ግን ይለያቸዋል፦ የሸና ድመት አመዱን አርጥቦ ያጓጉለዋል፤ ደጋግሞ ተቀምጦበት አመዱ ደረቅ ከሆነ ሽንቱ አልወጣም። በታችኛው ሆዱ በኩል ጠንካራ ድቡልቡል ነገር ቢዳስሱም አይጫኑት፣ የተወጠረ ፊኛ ሊፈነዳ ይችላልና። ፓራሲታሞል ደግሞ ድመትን ይገድላል፤ ቅንጣትም ቢሆን አይስጡት።

ሐኪሙ ድመቱን አደንዝዞ ቀጭን ቱቦ በማስገባት ቧንቧውን ይከፍታል፣ በደም ሥሩም ፈሳሽ ይሰጠዋል። የአካባቢያችን የእንስሳት ክሊኒኮች በብዛት የሚያክሙት ከብትና በግ ስለሆነ፣ ለድመት የሚሆን ቱቦ መኖሩን አስቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ጊዜ ያተርፋል፤ ደሴ የሚገኘውን የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትም መጠየቅ ይቻላል። ከመድኃኒት ቤት ተገዝቶ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ የተዘጋ ቧንቧ አይከፍትም፤ በወጣት ድመቶች ላይ የሚታየው የፊኛ መቆጣትም አብዛኛውን ጊዜ ከጀርም ሳይሆን ከጭንቀት ጋር የተያያዘ ነው። አዲስ ድመት መምጣቱ ወይም ቤት መቀየሩ ሊያስነሣው ይችላል።

ድመት በተፈጥሮው ውኃ የሚጠጣው ጥቂት ነው። ስለዚህ ካገገመ በኋላ ደረቅ እንጀራ ብቻ ከመስጠት ይልቅ ጨው፣ በርበሬና ሽንኩርት ያልገባበት የሥጋ መረቅ ቢያጠጡት ሽንቱ ይቀጥናል፤ ሽንኩርት ለድመት መርዝ መሆኑንም ልብ ይበሉ። ከሕክምናው በኋላ ባሉት ቀናት ቧንቧው ዳግም ሊዘጋ ስለሚችል በቅርብ ይከታተሉት። ሴት ድመት የመዘጋት ዕድሏ አነስተኛ ቢሆንም፣ ደም የቀላቀለ ሽንት ከታየባት እሷም በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ሐኪም ዘንድ ትቅረብ።