ባዶውን የተመለሰ ዕቃ

ባለፈው ሳምንት የአንድ ወዳጄ ልጅ ደወለችልኝ። የዶክትሬት ትምህርቷን ጨርሳ ደቡብ ኮሪያ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ውል ፈርማለች። ስለ ደመወዙ፣ ስለ ቤት ኪራዩና ስለ ብርዱ ጠይቃኝ ስትጨርስ፣ «ጋሼ፣ ለመሆኑ በጾም ጊዜ ምን ይበሉ ነበር?» አለችኝ። «ሩዝ አለ፣ ቶፉ አለ፣ አትክልቱም ሞልቷል፤ አትቸገሪም» ብያት ስልኩን ዘጋሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን የምጽፈው ለእሷና እንደ እሷ ሻንጣ ለምታዘጋጁ ሁሉ ነው።

እኔ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አራት ዓመት ቹንቾን በምትባል ከተማ ለምህንድስና ተማሪዎች ሒሳብ በእንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ቹንቾን ለኢትዮጵያዊ ባዕድ ከተማ አይደለችም። በኮሪያ ጦርነት የተዋጉት የቃኘው ዘማቾቻችን ሐውልት እዚያ ቆሟል፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው የመታሰቢያ አዳራሽ ጣሪያው እንደ ጎጆ ቤት ሾጠጥ ያለ ነው፤ መንገዱም በአገራችን ስም ይጠራል። ከዘመቱት ከስድስት ሺህ የሚበልጡ ወታደሮቻችን ከ120 በላይ የሚሆኑት ለዚያ ምድር ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። እኔ ምንም ሳልሠራ በእነሱ ስም ተከብሬ ኖርሁ።

የተከራየሁት ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አከራዬ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው እናት ሲሆኑ ምድር ቤት ይኖራሉ። ኮሪያውያን ሴት አያትን «ሃልመኒ» ይላሉ፤ እኔም እንዲሁ እላቸው ነበር። አገሬን የሰሙ ዕለት «ኢዲዮፒያ!» ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። ከዚያ ወዲያ ባገኙኝ ቁጥር «ባፕ መገሰዮ?» ይሉኛል። «ምግብ በላህ ወይ?» ማለት ነው፤ የእነሱ «እንዴት ዋልክ» ነው። እኔም «ኔ»፣ አዎ፣ እልና ደረጃውን እወጣለሁ።

ከዚያ ያለፈ ቃል አልነበረኝም፤ ለመማርም አልፈለግሁም። ፊደላቸው መሠረታዊ ሆሄያቱ 24 ብቻ ስለሆኑ፣ ሀ ሁ ሂን ለቆጠረ ሰው የጥቂት ቀን ሥራ ነው። የአውቶቡስ ሰሌዳ ማንበብ ስጀምር ቋንቋውን የያዝሁ መሰለኝ። ደግሞም ያቺ አገር በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ቀን፣ ተማሪዎቹ እንግሊዝኛ እያዳመጡ በሚፈተኑበት ሰዓት አውሮፕላን እንዳይነሣና እንዳያርፍ የምታደርግ አገር ናት። እንግሊዝኛን ይህን ያህል የሚያከብር ሕዝብ መሐል እየኖርሁ የእነሱን ቋንቋ ምን ይሠራልኛል ብዬ አስብ ነበር። እንዲህ ማሰቤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

የመጀመሪያው ዓመት የነቢያት ጾም በገባ በአምስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ግቢው በሴቶች ተሞልቶ አገኘሁት። ኪምጃንግ ነበር፤ የክረምቱ ኪምቺ፣ በበርበሬ የሚብላላው የጎመን ምግባቸው፣ በአንድ ጊዜ የሚዘጋጅበት ቀን። ረዣዥም ጥቅል ጎመኖች ለሁለት ተሰንጥቀው፣ ጨው ውኃ ውስጥ አድረው፣ ተንጠፍጥፈው ተቆልለዋል። ሴቶቹ ቀይ የላስቲክ ጓንት አጥልቀው ሳፋ ከበው ተቀምጠዋል። በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና በጨው የተብላላ ዓሣ የተቀላቀለበትን ድልህ የመሰለ ነገር በየቅጠሉ መሐል ይቀባሉ። ሽታው እናቴ በርበሬ የምታስደልዝበትን ቀን አስታወሰኝ። ደሴ ቤታችን የጎረቤት ሴቶች ይሰበሰቡና እያስነጠሱ፣ እየሳቁ ሲደልዙ ይውሉ ነበር። በዚያ በር ያለፈ ሰው ሳይቀምስ አይሄድም።

ሃልመኒ አዩኝና ተነሡ። አንድ ቅጠል ገነጠሉ፤ ቁራጭ የተቀቀለ የአሳማ ሥጋ ጠቀለሉበት፤ ሌላውን መዳፋቸውን ከሥሩ ደግፈው ወደ አፌ ዘረጉት። ጉርሻ ነበር። ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ ያጎረሰኝ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ጾመኛ ነኝ፣ ሥጋውም የአሳማ ነው። «አኒዮ»፣ አይሆንም፣ አልሁና ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። ሴቶቹ ጸጥ አሉ። ከቅጠሉ ላይ ቀይ ጠብታ ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ አየሁ። ሃልመኒ ፈገግ ብለው ጉርሻውን አጠገባቸው ለተቀመጠችው ሴት አጎረሱ።

አልተቀየሙም። ማታ ደጃፌ ላይ ሰማያዊ ክዳን ያለው ዕቃ ሙሉ ኪምቺ ተቀምጦ አገኘሁ። ዓሣ አለበትና አልነካሁትም። በአሥረኛው ቀን ሽታው ማቀዝቀዣዬን ሲሞላው አውጥቼ ደፋሁት። ኪምቺ እንደሚቆይ፣ ጾሙ እስኪፈታ ቢቀመጥ ይበልጥ እንደሚበስል እንኳ አላውቅም ነበር። እዚያ አገር የምግብ ትርፍራፊ ለብቻው ይጣላል፤ ገንዳው ደግሞ ከሃልመኒ በር አጠገብ ነው። ዕቃውን አጥቤ ደጃፋቸው ላይ ባዶውን አስቀመጥሁት። እናቴ የጎረቤት ዕቃ ባዶውን መልሳ አታውቅም፤ ሌላ ቢጠፋ እፍኝ ቆሎ ታደርግበታለች። እኔ አንድ ብርቱካን እንኳ አላደረግሁም።

በማግሥቱ ጠዋት ስወርድ ሃልመኒ የገንዳውን ክዳን ይዘው ቆመዋል። ቀና ብለው አዩኝ፤ ምንም አላሉም። ክዳኑን ቀስ አድርገው መለሱት። ከዚያ በኋላ ሲያዩኝ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ይሰጡኝ ነበር፤ «ባፕ መገሰዮ?» ግን ዳግመኛ አላሉኝም። ከዚያ ቤት እስክወጣ ድረስ አንድም ቀን።

ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ተማሪዬ ጋር ምሳ ስንበላ ታሪኩን ነገርሁት። ልጁ ደነገጠ። «ፕሮፌሰር፣ ለምን አልነገሯቸውም? የኛ መነኮሳትም እኮ ዓሣና ሥጋ አይበሉም። አያቴ ለገዳሙ የምታዘጋጀው ኪምቺ ዓሣ የለበትም» አለኝ። ሃልመኒ ጾምን ከእኔ ባልተናነሰ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ያን ዕለት ማታ ብርቱካን ገዝቼ እስከ በራቸው ደረስሁ። የቴሌቪዥናቸው ድምፅ ይሰማል። ማንኳኳት አቃተኝ፤ ይዤው ወደ ክፍሌ ወጣሁ።

ጫማ ስለ ማውለቅና በሁለት እጅ ስለ መስጠት አልነግራችሁም፤ ቤታችሁ የተማራችሁት ነው። አንቱታ ያለው ቋንቋ ይዛችሁ ስለምትሄዱ የእነሱም የአክብሮት አነጋገር አይከብዳችሁም። የዛሬ ልጆች «ስልኩ ይተረጉምልኛል» ትላላችሁ። ለባንክና ለሐኪም ይበጃል። አንዲት አሮጊት እጃቸውን ወደ አፋችሁ ዘርግተው ሲቆሙ ግን ስልክ ፍለጋ ኪስ አይገባም። ከሀበሻ ጋር ብቻ አትዋሉ እላችኋለሁ፤ በሌላ በኩል ሴኡል ከሀበሾች ጋር ያሳለፍኋቸው እሑዶች ባይኖሩ ኖሮ የመጀመሪያውን ክረምት አልጨርሰውም ነበር። ሁለቱንም ከልቤ ነው የምላችሁ።

ጠዋት ልጅቷን መልሼ ደወልሁላት። «በጾም ላይ ስለሆንሁ ዓሣ ያለበት አልበላም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እጅዎን አመሰግናለሁ» የሚለውን በኮሪያኛ ነገርኋት። በፊደላችን ጻፈችው። ሦስት ጊዜ አስደገምኋት።