የመኪና ጥያቄዎች፦ ዲኤክሴን ሸጬ ቪትዝ ልግዛ?

ጥያቄ፦ «ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ በአዲስ አበባ አየር ጤና አካባቢ የምኖር መምህር ነኝ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የ1984 ሞዴል የሆነች፣ ከአባቴ የወረስኳት ባለ 1300 ሲሲ ቶዮታ ዲኤክስ አለችኝ። በአንድ ሊትር 9 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች። የባለቤቴ እህት የምትነዳት የ2003 ሞዴል ቪትዝ ባለ 1000 ሲሲ አውቶማቲክ ስትሆን በሊትር 16 ኪሎ ሜትር እንደምትሄድላት ትነግረኛለች። አንድ ደላላ ደግሞ ዲኤክሷ ላይ 700 ሺህ ብር ከጨመርኩ እንዲህ ያለች ቪትዝ እንደሚያመጣልኝ ነግሮኛል። ብሩን ከቁጠባ ማኅበራችን መበደር እችላለሁ። በወር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ እነዳለሁ፤ የቤንዚኑ ወጪ ግን ደመወዜን እየተሻማ ነው። ምን ይመክሩኛል?»
መምህሩ፣ ከአየር ጤና

መልስ፦ መምህር፣ መጀመሪያ ያቺን 16 ኪሎ ሜትር እንመርምራት። የባለቤትዎን እህት መጠርጠሬ አይደለም፤ የምጠረጥረው መለኪያውን ነው። ብዙ ሰው «በሊትር ይህን ያህል ትሄዳለች» የሚለው አንድ ቀን በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ሲወርድ ያየውን ይዞ ነው። ከአየር ጤና ተነሥቶ በጦር ኃይሎች በኩል ሜክሲኮ ለመድረስ በጠዋቱ ሰልፍ ውስጥ የሚቃጠለው ቤንዚን ግን ሌላ ነው። ትንሽ የሚባል ሞተር እንኳ ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይጠጣል፤ በዚያ ሰዓት የሄደው ኪሎ ሜትር ደግሞ ባዶ ነው። ለእንዲህ ያለች አውቶማቲክ ቪትዝ በከተማ ውስጥ እኔ የምሰጣት ግምት ከ12 እስከ 14 ነው። ለስሌታችን 13 እንበል።

ግምቴን ማመን የለብዎትም፤ ይለኩ። ማደያ ገብተው የቀጂው አፍንጫ በራሱ ጊዜ ቀጥ እስኪል ያስሞሉና ያቁሙ። «ትንሽ ልጨምርልዎት» ሲባሉ እምቢ ይበሉ። የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ይመዝግቡ። እንደ ልማድዎ ነድተው ሰልባትዮው ወደ ማለቁ ሲቃረብ እዚያው ማደያ፣ ከተቻለም እዚያው ቀጂ ላይ እንደገና ያስሞሉ። የሄዱትን ኪሎ ሜትር ለሁለተኛው ሙሌት ሊትር ያካፍሉ። የባለቤትዎ እህትም እንዲሁ ታድርግ። ጌጅ አይቶ «ግማሽ ላይ ነበረች፣ ሩብ ላይ ደረሰች» የሚል ስሌት ለወሬ እንጂ ለብድር አይበቃም። ሌላው ደግሞ ዲኤክስዎ ኪሎ ሜትር የምትቆጥረው በትክክል መሆኑን በስልክዎ ካርታ ያመሳክሩ። የአርባ ዓመት ቆጣሪ ሊሰንፍ ይችላል፤ ከፋብሪካው መጠን የተለየ ጎማ ገብቶላት ከሆነም ቁጥሩ ይዛባል።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። በወር 750 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በሊትር 9 የምትሄድ መኪና ይዞ 83 ሊትር ይገዛል። በ13 ከሆነ 58 ሊትር ያህል። ልዩነቱ 25 ሊትር ተኩል ገደማ ነው። ለስሌት እንዲመቸን ሊትሩን 130 ብር ብናደርገው በወር 3,300 ብር፣ በዓመት 40 ሺህ ብር አካባቢ ይተርፍዎታል። እርስዎ የሚጨምሩት 700 ሺህ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ተኩል! ያውም የማኅበሩን ወለድ ሳንቆጥር። ቪትዟ በዚያን ጊዜ የዛሬዋን ዲኤክስ ልታክል ምን ይቀራታል?

የቤንዚኑ ዋጋ ሲንር ይህ ስሌት መለወጡ አይቀርም፤ ሐምሌ 2014 ድጎማው በሂደት መነሣት ከጀመረ ወዲህ አቅጣጫው ወዴት እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ዳሩ ግን የሊትሩ ዋጋ እጥፍ ቢሆን እንኳ ብሩን ለመመለስ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ይፈጅብዎታል። ደላላው የሚጠይቅዎት 700 ሺህ የነዳጅ ቁጠባ ዋጋ ብቻ አይደለምና። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለችው ቪትዝ ተተኪ ስላጣች ተወደደች። ያ ዋጋ በየወሩ ከቤንዚን ላይ ተመልሶ የሚገኝ አይደለም።

አሁን ማንም ሻጭ ወደማይነግርዎት ነገር ልውሰድዎት። ዲኤክስዎ በሊትር ከ9 ወደ 11 ብትሻሻል በወር የምትፈጀው 68 ሊትር ይሆናል። ይህም 15 ሊትር ተረፈ ማለት ነው። ከዚያ ከ11 ወደ 13 ለመድረስ ቪትዝ ቢገዙ የሚተርፈው 10 ሊትር ተኩል ብቻ ነው። ሁለቱም እርምጃ «ሁለት ኪሎ ሜትር» ይባላል፤ በኪስ ግን እኩል አይደሉም። ለዚህ ነው ተማሪዎቼን ሁሉ «በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር» ሳይሆን «በመቶ ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር» ብላችሁ ጠይቁ እያልኩ ስነዘንዛቸው የኖርኩት። የሚገዛው ሊትር ነው። 9 ማለት በመቶ ኪሎ ሜትር 11.1 ሊትር ነው፤ 11 ማለት 9.1፣ 13 ማለት 7.7። ትልቁ ትርፍ ያለው የሚባክነውን መኪና ከማስተካከሉ ላይ እንጂ ጥሩውን ይበልጥ ጥሩ ከማድረጉ ላይ አይደለም።

ታዲያ ዲኤክስዎ የት ነው የምታባክነው? አንዱ ጥፋት የሷ አይደለም፤ የከተማችን ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ ስስ ነው፤ ከባሕር ዳርቻው አየር ጋር ሲተያይ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው የሚመዝነው። ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው የዲኤክስ ካርቡራተር ደግሞ ቤንዚን የሚለካው በአንዲት የነሐስ ቀዳዳ ነው። ያቺ ቀዳዳ የተበሳችው ለቆላ አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ማንም ካልነካው ሞተሩ ከሚገባው ከ10 በመቶ በላይ ትርፍ ቤንዚን ይጋታል። ቪትዝ ግን የአየሩን ግፊት የምታነብ፣ የተቃጠለውን ጭስ ደግሞ በኦክስጅን ሴንሰር የምትቀምስና ቤንዚኑን በዚያው ቅጽበት የምታርም ኮምፒውተር አላት። ይህ የሁለቱ ልዩነት ዋናው ነው። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ቢኖሩ ኖሮ የዲኤክስዎና የቪትዟ ልዩነት ከዚህ ይጠብ ነበር።

ሞተሩ ትርፍ እየጠጣ መሆኑን እንዲህ ያውቃሉ። ጥሩ ከነዱ በኋላ ሞተሩን አጥፍተው ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ አራቱንም ካንዴላ ያስፈቱና በመስኮት ብርሃን ይዩአቸው። ጫፉ ላይ ያለው ነጭ ሸክላ ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ መልካም ነው። ጣት የሚያጠቁር ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል። ጥቁሩ እርጥብና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ግን ቤንዚን ሳይሆን ዘይት ነው፤ ያኔ ካርቡራተሩን ትተው ስለ ሞተሩ ቀለበቶች ማሰብ አለብዎት። ሦስቱ ቡናማ ሆነው አንዱ ብቻ ከጠቆረ ደግሞ ችግሩ የዚያ ሲሊንደር ነው፤ መጀመሪያ ካንዴላውንና ገመዱን ይቀይሩ።

አራቱም ደረቅ ጥላሸት ከሆኑ ጋራዥ ይግቡና ካርቡራተሩ ተፈትቶ በቤንዚንና በአየር ይታጠብ። በሽቦ የሚጎረጉር ሜካኒክ ካዩ ግን ካርቡራተርዎን ተቀብለው ይውጡ። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ ሽቦ የገባባት ቀዳዳ ሰፍታ ነው የምትወጣው፤ የሰፋች ቀዳዳ ደግሞ ዕድሜ ልኳን ትርፍ ቤንዚን ትሰጣለች። እንዲያውም ጠባብ ቀዳዳ ያለው ምትክ ከተገኘ ለከተማችን ከፍታ ያ ነው የሚስማማው። የጠዋቱ ቾክ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሙሉ በሙሉ መመለሱን፣ የአየር ማጣሪያው መጽዳቱን፣ ሜካኒኮች ታይሚንግ የሚሉት የእሳቱ ሰዓት መስተካከሉን ያረጋግጡ። በስስ አየር ላይ እሳቱ በጥቂቱ ቢቀድም ሞተሩ ይወደዋል። ለጎማ ንፋስ ጥቂት ሳንቲም ከፍለው በየሁለት ሳምንቱ ያስለኩ። ይህ ሁሉ ሲደመር አሁን ካሉበት 9 ወደ 11 ማድረስ ምኞት አይደለም።

ቪትዝም ብትሆን ያለ ተንከባካቢ 13 አትሰጥም። ከኮፈኑ ሥር ቴርሞስታቱ «ለዚህ አገር አያስፈልግም» ተብሎ ተነቅሎ የተጣለባት ቪትዝ ሞልታለች። እንዲህ ያለችው ሞተሯ በቅጡ ስለማይሞቅ ኮምፒውተሯ ገና ጠዋት ነው እያለ ቤንዚን ይጨምርላታል። የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራቷ በፕላስተር የተሸፈነባትማ ስንቷ! ደላላው የሚያመጣልዎት የትኛዋን እንደሆነ ማን ያውቃል?

ልጆችዎን ትምህርት ቤት የሚያመላልሱባት ከሆነ ግን ሌላ ሚዛን አለ። ዲኤክስ የአየር ከረጢት የላትም፤ አካሏም የዘመኑን ግጭት እንዲችል አልተሠራም። ለልጆቹ ብለው ቪትዝ ቢገዙ አልከራከርዎትም። በነዳጅ ስም አይበደሩ ነው የምለው።

ጥያቄ፦ «እኔ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነዋሪ ነኝ። አንድ የአገሬ ሰው ያለው የ1990 ጂኦ ሜትሮ በጋሎን ወደ 50 ማይል ትሄድለታለች። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የተሠራችው የኔ ሚትሱቢሺ ሚራዥ ግን 39 ነው። ቴክኖሎጂ ወደ ኋላ ይሄዳል እንዴ?»
ከቨርጂኒያ

መልስ፦ ወደ ኋላ አልሄደም፤ ሌላ ሥራ ላይ ተጠምዶ ነው። በመጀመሪያ ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ሚዛን እንመዝናቸው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከ2008 ሞዴል ጀምሮ የነዳጅ መለኪያውን አጥብቆታል። የድሮዎቹን መኪኖች ቁጥርም በአዲሱ ስሌት አስተካክሏል። ከሜትሮዎቹ ሁሉ ቆጣቢ የነበረችው ኤክስኤፍአይ የተባለችው ስትወጣ በከተማ 53፣ በአውራ ጎዳና 58 ተብላ ነበር፤ በአዲሱ ሚዛን 43 እና 52፣ በአማካይ 47 ናት። የእርስዎ ሚራዥ አውቶማቲኳ በዚያው ሚዛን 39 ናት። ወደኛ ልኬት ስናመጣው ሜትሮ በመቶ ኪሎ ሜትር 5 ሊትር፣ ሚራዥ 6 ሊትር። አንድ ሊትር ነው ልዩነቱ።

በዚያች አንድ ሊትር ምን ገዙ? ያቺ ሜትሮ ባለ ሦስት ሲሊንደር የሱዙኪ ሞተር ያላት፣ ጉልበቷ 49 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቷም ወደ 750 ኪሎ የሆነ መኪና ናት። ሚራዥ ወደ 950 ኪሎ ትመዝናለች፤ 78 የፈረስ ጉልበት አላት። ሁለት መቶው ኪሎ የግጭት ብረት፣ የአየር ከረጢት፣ የድምፅ መከላከያና ምቾት ነው። ጭሱም ተለውጧል። በ1992 የወጣችው ሆንዳ ሲቪክ ቪኤክስ ቤንዚኑን በብዙ አየር አሳስታ በማቃጠል ትታወቅ ነበር፤ ያ ዘዴ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ግን ያበዛል፤ የጭስ ደንቡ ሲጠብቅ ቦታ አጣ። ስለዚህ ወዳጅዎ ይኩሩ፤ ነገር ግን በዚያ ግዙፍ የጭነት መኪና በሞላበት የቤልትዌይ መንገድ ላይ እኔ የምሳፈረው ከእርስዎ ጋር ነው።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሱዙኪ ዲዛየር ማንዋል አለችኝ። ወደ ባሕር ዳር ስሄድ ከጎሐ ጽዮን ዓባይ በረሃ እስክገባ በፎሌ፣ ማርሽ አውጥቼ፣ ነው የምወርደው። ጓደኞቼ ነዳጅ ይቆጥባል ይላሉ። እውነት ነው?»
ሹፌሩ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ልጄ፣ ጓደኞችህ የሚነግሩህ በካርቡራተር ዘመን የተማሩትን ነው። ያንተ መኪና በማርሽ ሆና እግርህን ከነዳጅ መስጫው ስታነሣ ኮምፒውተሯ ቤንዚኑን ጨርሶ ይዘጋዋል፤ ሞተሩን የሚያሽከረክረው ቁልቁለቱ ነው። ፎሌ ስታደርጋት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን መልቀቅ ይጀምራል። እየቆጠብክ መስሎህ እየጨመርክ ነው ማለት ነው።

ይህ ደግሞ ቀላሉ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳለህ። ፎሌ ሆነህ መኪናዋን የሚይዛት ፍሬን ብቻ ነው፤ ፍሬን ሲግል ደግሞ ፔዳሉን ብትረግጠውም አይዝም። የባሰባቸው ሞተሩን ራሱ ያጠፋሉ፤ ያኔ የፍሬኑ አጋዥ ኃይል ከጥቂት እርግጫ በኋላ ያልቃል፣ መሪውም ይከብዳል። ስትወርድ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ውረድ፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ይጩህ። በዚያ ጩኸት ውስጥ ቤንዚን የለም። ፍሬኑን አለፍ አለፍ እያልክ ጠበቅ አድርገህ ያዝና ልቀቀው፤ እግርህን ፔዳሉ ላይ አሳርፈህ አትውረድ። ደጀን ስትወጣ የሚፈጀውን ቤንዚን ግን ማንም አያስቀርልህም፤ ጎሐ ጽዮን ላይ ሞልተህ ውረድ።