ለጀርመን የሥራ ቪዛ ቃለ መጠይቅ ለምትዘጋጂው እህቴ፦ መጀመሪያ ስምሽን አመሳክሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። «ሰበታ ነው የምኖረው፣ ነርስ ነኝ፣ ጀርመን ካለ ሆስፒታል የሥራ ውል መጥቶልኛል፣ የኤምባሲ ቀጠሮዬ ደርሷል፣ በጀርመንኛ ምን ይጠይቁኛል?» ብለሽ ተጨንቀሻል። እኔ የአለም ገና ልጅ ነኝ። እኔም ነርስ ነኝ። በዚሁ መንገድ አልፌ ቪዛዬ ተመቶልኛል። ያንቺ ጉዳይ ከእኔ የሚለይ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ያየሁትን ልንገርሽ።

1. ውልሽን በደንብ እወቂው። የሆስፒታሉ ስም፣ ከተማው፣ በሳምንት የምትሠሪው ሰዓት፣ ደመወዝሽ ከግብርና ከመድን በፊት ስንት እንደሆነ። አሠሪው ለብቻው የሚሞላው የሥራ ሁኔታ መግለጫ ቅጽ አለ። እዚያ ላይ ያለው ደመወዝና ሰዓት ከውሉ ጋር መግጠሙን ራስሽ እይ። ፋይልሽን ሌላ ሰው ካዘጋጀልሽ ደግሞ አንድ በአንድ ከፍተሽ አንብቢው። ከጎኔ ወረፋ ትጠብቅ የነበረች ልጅ የምትሄድበትን ከተማ ስም መጥራት አቅቷት ነበር። ደላላው «እኔ ጨርሼልሻለሁ» ብሏት እንጂ እሷ ምን ታድርግ።

2. አሠሪሽን ዛሬውኑ በኢሜይል ጠይቂ፤ «ጉዳዬን የያዛችሁት በተፋጠነው የቪዛ መንገድ ነው ወይ?» በዪ። በዚህ መንገድ አሠሪው እዚያው ጀርመን ለውጭ ዜጎች ቢሮ 411 ዩሮ ከፍሎ ቅድመ ስምምነት፣ ማለትም ቢሮው ለቪዛሽ አስቀድሞ መስማማቱን የሚገልጽ ወረቀት፣ ያወጣልሻል። ያ ወረቀት ካለ ኤምባሲው በ3 ሳምንት ውስጥ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ማመልከቻሽ ሙሉ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሌላ 3 ሳምንት ይወስናል። ወረቀቱ በእጅሽ ካለ ከፋይልሽ ሁሉ በላይ አድርጊው። የቪዛው 75 ዩሮ ከዚህ የተለየ ነው።

3. ስም። እዚህ ላይ ቆም በይ።

የአባቴ ስም በቀለ ነው። ፓስፖርቴ ላይ በ«ኬ» ተጽፏል። የልደት የምስክር ወረቀቴ የእኛው አካባቢ ስለሆነ በቁቤ ነው የተጻፈው፤ እዚያ በሁለት «ኪው» ነው። ሁለቱም በየሥርዓታቸው ልክ ናቸው። የእኛ አካባቢ ሰው አይቶ አይገረምም። ጫላም፣ ጫልቱም፣ ቶለሳም እንዲሁ ነው። የውጭ ሰው ግን ይህን ከየት ያውቃል? ለእሱ ሁለት የተለያየ አጻጻፍ ማለት ሁለት ሰው ነው። ስለዚህ ወረቀትሽን ስታስተረጉሚ ፓስፖርትሽን ይዘሽ ሂጂና ስሙን ልክ እንደ ፓስፖርቱ ጻፉልኝ በያቸው። ተርጉመው ከጨረሱ በኋላ ፊደል በፊደል አንብበሽ ካልሆነ አትቀበያቸው።

የልደት ወረቀቱን በዚህ ተወጣሁት። ያቃጠለኝ ዲግሪዬ ነው። የተማርኩበት የግል ኮሌጅ ሬጅስትራር የአባቴን ስም በራሱ ግምት፣ ሦስተኛ ዓይነት አድርጎ ጽፎት ነበር። ኤምባሲው መስኮት ላይ የተቀበለችኝ ሴት ፓስፖርቴንና ዲግሪዬን ጎን ለጎን አስቀመጠች። እስክሪብቶዋን ከፊደል ወደ ፊደል እያስኬደች መጣችና አንዷ ፊደል ላይ ቆመች። ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ትሕትና ነበራት። ግን ይህ ሳይስተካከል ፋይሌ እንደማይሟላ ነገረችኝ። ሆስፒታሉ ሥራ የምጀምርበትን ቀን ማራዘም ግድ ሆነበት። ውሉን ሰርዘው ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ የጀርመንኛ ትምህርት፣ ስድስት ኪሎ ጎተ ድረስ እየተመላለስኩ ያወጣሁት ሰርተፊኬት ሁሉ ውኃ በልቶት ነበር።

ኮሌጁ ሄድኩ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ፓስፖርትሽን በዲግሪው ልክ አስቀይሪ።» እነሱ ለተሳሳቱት አገሬ የሰጠችኝን ፓስፖርት ልቀይር! ከዚያ በኋላ ነገ ተመለሺ፣ ሲስተም የለም፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። እግሬ እስኪቀጥን ተመላለስኩ። ሰውየው ፋይሌን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ስልኩን ይነካካል፤ ቀና ብሎ እንኳን አያየኝም። ክፍያዬን አንድ ወር ያላጓደልኩ ተማሪ ነበርኩ። ይህን ስጽፍ አሁንም ደሜ ይፈላል።

የጠቀመኝን ልንገርሽ። በቃል መለማመጡን ተውኩት። ማመልከቻ በሁለት ኮፒ ጻፍኩ፤ የፓስፖርቴን ኮፒና የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቴን አያያዝኩ፤ መዝገብ ቤት ገብቼ ቁጥር አሰጠሁበት፤ የእኔ ኮፒ ላይ «ደርሷል» የሚል ማኅተም አስመታሁ። በጽሑፍ መልስ ካልሰጣችሁኝ ይህን ይዤ ወደ በላይ አካል እሄዳለሁ አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተንቀሳቀሰ። ለማንም አንዲት ብር ጉቦ አልሰጠሁም፤ በዚህ እኮራለሁ።

ግን ዲግሪው ሲስተካከል ነገሩ አያልቅም። አዲሱ ዲግሪ እንደገና የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጫ ይፈልጋል፤ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ማኅተም። ጀርመን የሙያ ዕውቅና የሰጠሽም በድሮው ዲግሪ ከሆነ ቤሻይዱ (የዕውቅና ውሳኔ ደብዳቤው) ላይ ያለው ስም የትኛው እንደሆነ እይ፤ ካልገጠመ ለአሠሪሽ ቶሎ ንገሪ። ለዚህ ነው ዛሬ ማታ ወረቀቶችሽን ሁሉ አልጋ ላይ ዘርግተሽ አንድ በአንድ አመሳክሪ የምልሽ።

ስታመሳክሪ የልደት ቀንሽንም እይ። ብዙ ቢሮ ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲቀይር ዝም ብሎ 8 ዓመት ይደምራል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተወለደ ሰው የሚደመርለት 7 ነው። ኅዳር 1988 የተወለደች ልጅ 1995 መሆን ሲገባት 1996 ትሆናለች፤ አንድ ዓመት ሙሉ ይዛነፋል። የትውልድ ቦታም አለ። የድሮው ወረቀትሽ «ሰበታ ከተማ» ይላል፤ ሸገር ከተማ ከተመሠረተ በኋላ የወጣው ደግሞ «ሸገር ከተማ፣ ሰበታ ክፍለ ከተማ» ነው የሚለው። ይህን ቢጠይቁሽ እንዳትደናገጪ፤ አስተዳደሩ ነው የተቀየረው በዪና እለፊ።

ጀርመንኛውን በተመለከተ ብዙ አትጨነቂ። እኔን የጠየቁኝ የት እንደምሠራ፣ የትኛው የሆስፒታል ክፍል ውስጥ እንደሆንኩ፣ ለምን ጀርመንን እንደመረጥኩ፣ እዚያ የማርፍበት ቤት እንዳለ ነው። አጭር አድርገሽ መልሺ። ያልገባሽን «እባክዎ ይድገሙልኝ» በይ፤ ይህ ነውር አይደለም። በቃል የተጠና ረጅም ንግግር ግን ተዪው፤ እኔ አንዱን ጀምሬው ሳልጨርስ ወደ ሌላ ጥያቄ ወሰዱኝ።

መንገዱን ታውቂዋለሽ። ኤምባሲው ቀበና ነው። ከሰበታ ተነስተሽ አለም ገና፣ ካራ ቆሬ፣ አየር ጤና፣ ሜክሲኮ፣ አራት ኪሎ እያልሽ ስትሄጂ ጠዋት ሜክሲኮ ያለው የታክሲ ሰልፍ ብቻውን ቀጠሮሽን ሊያሳልፍብሽ ይችላል። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ታክሲ የሚያዝበት ቦታም ተቀያይሯል። ዘመድ ካለሽ ዋዜማውን ከተማ እደሪ። በስልክሽ ውስጥ ባለ ፎቶ አትተማመኚ፤ ሁሉንም በወረቀት አትመሽ ከነኮፒው ያዢ።

ዲግሪሽ ላይ ያለው ስም ካልገጠመና ኮሌጅሽ እንደኔው ካስቸገረሽ ያስገባሁት ማመልከቻ እጄ ላይ አለ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ። ስሙንና ቀኑን ቀይረሽ በሁለት ኮፒ አትሚው።