መልስ፦ አውሮፕላኑ መንደርደሪያው ዳር ለምን ቆሞ ይጠብቃል?

ጠያቂያችን፣ ከድሬዳዋ ሲነሱ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ አውሮፕላንዎ ሌላው እስኪያርፍ መንደርደሪያው ዳር መቆሙ እንዳስገረመዎ ጽፈዋል። የድሬዳዋው መንደርደሪያ አንድ ብቻ ስለሆነ የሚነሳውም የሚያርፈውም በእሱ ነው፤ አብራሪውም አስፋልቱ ላይ በቢጫ የተሰመረውን የማቆያ መስመር ያለ መቆጣጠሪያ ማማው ፈቃድ ማለፍ አይችልም።

የሰማዩን መጥራት ካነሱ፣ አደጋው ጭጋግን ብቻ አይጠብቅም። እርግጥ ማርች 27 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. በቴኔሪፍ ደሴት አንድ ቦይንግ 747 የመነሳት ፈቃድ ሳያገኝ በጭጋግ ውስጥ ተንደርድሮ፣ መንደርደሪያውን ገና ካልለቀቀ ሌላ 747 ጋር በመጋጨቱ 583 ሰዎች አልቀዋል፤ ሁለት የሬዲዮ መልእክቶች ተደራርበው ወሳኙ ማስጠንቀቂያ በጩኸት ተውጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተቆጣጣሪዎች «መነሳት» የሚለውን ቃል ፈቃዱን ሲሰጡ ወይም ሲሰርዙ ብቻ ይጠቀሙበታል። ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ ሃኔዳ ግን እይታው ጥሩ ነበር፤ የባሕር ጠረፍ ጥበቃው አብራሪ ለመነሳት በተራ አንደኛ መሆኑ ሲነገረው ወደ መንደርደሪያው እንደ መግቢያ ፈቃድ ቆጥሮት ገባና ከሚያርፍ ኤርባስ አውሮፕላን ጋር ተጋጨ። ከእሱ አውሮፕላን 6 ሰዎች 5ቱ ሞቱ፤ በሚያርፈው ኤርባስ የነበሩት 379ኙም ተረፉ። አብራሪ የተሰጠውን ትእዛዝ መልሶ እንዲደግም የሚገደደውም እንዲህ ያለው አለመግባባት ቀድሞ እንዲታወቅ ነው፤ በሃኔዳ ግን ትእዛዙ በትክክል ቢደገምም አለመግባባቱ አልታወቀም።